የዘፋኟ የዊሊ ሜይ ቶርንተን የሕይወት ታሪክ፤ ሥራዋና ዋጋዋ

ብዙ ሰዎች ዘፈን ሲሰሙ በዜማው ይደሰታሉ እንጂ ዘፈኑ ከየት እንደ መጣ፣ መጀመሪያ ማን እንደ ዘፈነው፣ የደከመበትም ሰው ምን ዋጋ እንዳገኘበት አይጠይቁም። በዚህ ጽሑፍ የምንተርከውን የሕይወት ታሪክ ግን ይህን ጥያቄ ሳያነሡ ማንበብ አይቻልም። የታሪኩ ባለቤት ሮክ ኤንድ ሮል የተባለውን የሙዚቃ ዓይነት መሠረት ከጣሉት የአሜሪካ ጥቁር ዘፋኞች አንዷ የሆነችው ዊሊ ሜይ ቶርንተን ናት። በአድማጮቿ ዘንድ ይበልጥ የምትታወቀው ቢግ ማማ በሚለው ስሟ ሲሆን፣ ትርጓሜውም ትልቋ እማማ ማለት ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ውድ አንባብያን እንዲገነዘቡልን እንለምናለን።

ዊሊ ሜይ የተወለደችው ዲሴምበር 11 ቀን 1926 በደቡባዊቱ የአላባማ ግዛት፣ አሪተን በምትባል አነስተኛ የገጠር ከተማ ነው። አባቷ የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ሰባኪ ነበሩ፤ እናቷም በቤተ ክርስቲያን ይዘምሩ ነበር። ስለዚህ ልጅቱ አፏን ከፈታችበት ጊዜ ጀምሮ ጆሮዋ በመዝሙር የተሞላ ነበር። በዚያ ዘመን በአላባማ ነጭና ጥቁር በሕግ ተለያይተው ይኖሩ ነበር። ጥቁር ልጅ የሚማርበት ትምህርት ቤት፣ ጥቁር ሰው የሚቀመጥበት የአውቶቡስ ወንበር፣ ውሃ የሚጠጣበት ቧንቧ እንኳ ለብቻው ነበር። ከጥቁሮቹም ብዙዎቹ በሰው መሬት ላይ ጥጥ እያመረቱ ምርቱን ለባለ መሬቱ የሚያካፍሉ ድኾች ነበሩ።

ከዚህ ኑሮ ውስጥ ሁለት ዓይነት ዜማ ወጣ። አንደኛው እሑድ እሑድ በቤተ ክርስቲያን በጭብጨባና በከፍተኛ ድምፅ የሚዘመረው መዝሙር ነው። ሁለተኛው ብሉስ የሚባለው እንጉርጉሮ ሲሆን፣ ሥራ ያደከመው ወይም ወዳጁ የከዳችው ሰው በጊታርና በሃርሞኒካ እያጀበ ብሶቱን የሚያወጣበት ነው። ከሰባኪዎቹ ብዙዎቹ ብሉስን የሰይጣን ዘፈን ነው እያሉ ይነቅፉት ነበር። ነገር ግን የሁለቱም የዜማ አወራረድና የድምፅ አጣጣል እንደ እኅትማማች የተቀራረበ ነው። ዊሊ ሜይ ሁለቱንም በአንድነት ሰምታ አደገች፤ ኋላም በሥራዋ ሁሉ ሁለቱ ሳይለያዩ ኖሩ።

ገና ዐሥራ አራት ዓመት ገደማ ሳለች እናቷ ታመው ሞቱ። ከዚያ በኋላ ትምህርቷን ትታ እንጀራዋን ለማግኘት ሥራ ፍለጋ ወጣች። ያገኘችውም ሥራ በአንድ መጠጥ ቤት ውስጥ ወለል መወልወልና ጠጪዎች ምራቅ የሚተፉባቸውን ዕቃዎች ማጠብ ነበር። የሙዚቃ መምህር አላገኘችም፤ ኖታ ማንበብም ከቶ አልተማረችም። ነገር ግን የሚጫወቱትን ሰዎች አፍና እጅ አተኩራ እያየች ሃርሞኒካ መንፋትንና ከበሮ መምታትን በራሷ ተማረች። ይህን ልብ ብሎ ማየት ይገባል፤ በዚያ ዘመን ሴት ብትዘፍን የተለመደ ነበር እንጂ ከበሮ ብትመታ ወይም ሃርሞኒካ ብትነፋ እንደ ብርቅ የሚታይ ነገር ነበር።

በ1940ዎቹ መጀመሪያ ላይ ሳሚ ግሪን የሚባል ሰው የሚመራው፣ ከከተማ ወደ ከተማ እየተዘዋወረ ዘፈን፣ ጭፈራና ቀልድ የሚያሳይ የጥቁሮች ቡድን በአካባቢዋ ሲያልፍ ዊሊ ሜይ ከእርሱ ጋራ ሄደች። በዚህ ቡድን ውስጥ ሰባት ዓመት ያህል ቆይታ የደቡቡን ክፍል አገር ለአገር ዞረች። ጥቁር ተጓዦች በነጮች ሆቴል ማደር ስለማይፈቀድላቸው የቡድኑ ኑሮ እጅግ አድካሚ ነበር። ይሁን እንጂ ለእርሷ ትምህርት ቤት ሆነላት። ቤሲ ስሚዝና ሜምፊስ ሚኒ የተባሉት ታላላቅ ሴት ዘፋኞች በሸክላ ላይ የዘፈኑትን እየሰማች ድምፅዋን አሠለጠነች፤ ሰው በተሰበሰበበት ፊት ቆሞ ያለ ፍርሃት መናገርን፣ ማሣቅንና ማስለቀስን በዚያ ተማረች።

በ1948 ከቡድኑ ተለይታ በቴክሳስ ግዛት በሂውስተን ከተማ ተቀመጠች። በሂውስተን ዶን ሮቢ የተባለ ጥቁር ነጋዴ የምሽት ክበብና ፒኮክ የሚባል የሙዚቃ ሸክላ ድርጅት ነበረው። በ1951 ዊሊ ሜይ ከዚህ ድርጅት ጋራ ውል ተፈራረመች። በተከታዩም ዓመት ጆኒ ኦቲስ ከሚባለው የሙዚቃ ቡድን መሪ ጋራ ለጉዞ ወጣች። ኦቲስ ከግሪክ አገር ከመጡ ወላጆች የተወለደ ነጭ ሲሆን ዕድሜውን ሙሉ ከጥቁሮች ጋራ የኖረና ሙዚቃቸውንም እንደ ራሱ የቈጠረ ሰው ነበር። በኒው ዮርክ ከተማ አፖሎ በተባለው ታላቅ ቴያትር በ1952 በዘፈነች ጊዜ ሕዝቡ ደጋግሞ እያጨበጨበ ከመድረክ አላወርድም አላት። ሰውነቷ ግዙፍ፣ ድምፅዋም እንደ ሰውነቷ ስለ ነበር ቢግ ማማ የሚለው ስም የወጣላት በዚያን ጊዜ ነው።

በዚያው ዓመት ኦገስት 13 ቀን በሎስ አንጀለስ ከተማ የዕድሜዋን ታሪክ የለወጠው ሥራ ተቀረጸ። ጄሪ ሊበርና ማይክ ስቶለር የሚባሉ ሁለት ነጭ ወጣቶች፣ ሁለቱም ገና የ19 ዓመት ልጆች፣ የዘፋኟን ግርማ ካዩ በኋላ ለእርሷ ብለው ሀውንድ ዶግ የሚል ዘፈን ደረሱላት። ትርጓሜው አዳኝ ውሻ ማለት ነው። በዘፈኑ ውስጥ አንዲት ሴት በእርሷ ላብ ተደግፎ ሊኖር የመጣውን ሰነፍ ወንድ ከደጃፏ ታባርረዋለች። ዊሊ ሜይ ይህን ዘፈን ስትዘፍን ድምፅዋን እያጐረናች፣ ቃሉን እየሰበረች፣ በመካከሉም ጊታር የሚመታውን ሰው በቀልድ እየጐነተለች ነው። ከበሮውን ጆኒ ኦቲስ ራሱ መታ፤ በመጨረሻም ሙዚቀኞቹ ሁሉ እንደ ውሻ ጮኹ። ቀረጻው ለሦስት ደቂቃ እንኳ የማይሞላ ቢሆንም የብሉስን ብሶት፣ የመዝሙርን ኃይልና የጭፈራን ምት በአንድ ላይ የያዘ ሆነ። ሮክ ኤንድ ሮል የሚለው ስም ገና በሕዝብ አፍ ሳይለመድ ነገሩ አስቀድሞ ተሠርቶ ነበር ማለት ይቻላል።

ሸክላው በ1953 ሲወጣ በጥቁሮች የሙዚቃ ሠንጠረዥ ላይ ለሰባት ሳምንት አንደኛ ሆኖ ቆየ። ሌሎች ዘፋኞችም ዜማውን እየወሰዱ የየራሳቸውን መልስ መዝፈን ጀመሩ። ከእነዚህም አንዱ በሜምፊስ ከተማ ሰን የተባለው ድርጅት ያወጣው ሸክላ ነበር። ዶን ሮቢ የዜማው የማሳተም መብት በእጁ ስለ ነበር ሰንን በፍርድ ቤት ከሶ ረታ፤ ሰንም ከሚሸጠው ሸክላ ሁሉ እንዲከፍል ተፈረደበት። እንግዲህ የአሳታሚው መብት በሕግ የተጠበቀ ነበር። የዘፋኟስ? ዊሊ ሜይ ከዚያ ሁሉ ሽያጭ ያገኘችው አንድ ጊዜ የተሰጣት 500 ዶላር ብቻ እንደ ሆነ እስከ ዕድሜዋ መጨረሻ ስታስረዳ ኖራለች። ሁለቱ ወጣት ደራስያንም ቢሆኑ በመጀመሪያ የተሰጣቸው የ1,200 ዶላር ቼክ በባንክ ገንዘብ የሌለው ሆኖ ተገኘ። በአገራችን ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የሚባለው ለእንደዚህ ያለው ሰው ነው።

ነገሩ እንዴት እንደዚህ ሊሆን እንደ ቻለ ማስረዳት ተገቢ ነው። አንድ ሸክላ ሲሸጥ ገንዘቡ በሦስት መንገድ ይከፈላል። ከፊሉ ሸክላውን ላወጣው ድርጅት ይሆናል። ከፊሉ የዘፈኑን ግጥምና ዜማ ለደረሰው ሰውና መብቱን ለያዘው አሳታሚ ይደርሳል። የቀረው፣ ብዙውን ጊዜም ትንሹ፣ በውሉ መሠረት ለዘፋኙ ይሰጣል። ሌላ ዘፋኝ ያንኑ ዘፈን እንደ ገና ሲያስቀርጸው ደራሲውና አሳታሚው ድርሻቸውን ያገኛሉ፤ መጀመሪያ የዘፈነው ሰው ግን የዘፈኑን አካሄድ የፈጠረው እርሱ ቢሆንም እንኳ አንዲት ሳንቲም አይደርሰውም። ትምህርት ሳይጨርስ ውል የሚፈርምና ጠበቃ የሌለው ጥቁር ዘፋኝ በዚያ ዘመን ይህን ሕግ የሚያውቀው ከጠፋበት በኋላ ነበር።

በ1956 ኤልቪስ ፕሬስሊ የተባለው ነጭ ወጣት ሀውንድ ዶግን እንደ ገና አስቀረጸው። ፕሬስሊ ዘፈኑን የሰማው በላስ ቬጋስ ከተማ ፍሬዲ ቤል የተባለ ሰው ከሚመራው ቡድን ሲሆን፣ ቃሉ በብዙ ተለውጦ ስለ ነበር ወንዱን የምታባርረው ሴት ከዘፈኑ ውስጥ ጠፍታለች። ይህ ሸክላ ከሌላው ገጹ ጋራ በአሜሪካ ሠንጠረዥ ላይ ለዐሥራ አንድ ሳምንት የመጀመሪያውን ቦታ ይዞ በሚሊዮን ተሸጠ። ዓለም ሁሉ ዘፈኑን የፕሬስሊ ነው ብሎ ያዘው። በእውነት ለመፍረድ ፕሬስሊ ዘፈኑን አልሰረቀም፤ በሕግ እንደ ተፈቀደው አስቀረጸው፤ የጥቁሮችንም ሙዚቃ ከልቡ ይወድ ነበር። ጥፋቱ የአንድ ሰው ሳይሆን የአሠራሩ ነው። የጥቁር ሴት ድምፅ በነጮች ሬዲዮ እምብዛም በማይሰማበት አገር ያው ዘፈን በነጭ ወጣት አፍ ሲወጣ በሩ ሁሉ ተከፈተለት።

በዚህ መካከል ዊሊ ሜይን ሌላ ሐዘን ደረሰባት። በ1954 የገና ዕለት ከጆኒ ኤስ ጋራ በሂውስተን ይጫወቱ ነበር። ጆኒ ኤስ የ25 ዓመት ወጣትና በዚያ ጊዜ እጅግ የተወደደ ዘፋኝ ነበር። በዕረፍት ሰዓት ከመድረክ ጀርባ በሽጉጥ ሲጫወት በራሱ ላይ ተኩሶ ሞተ፤ እርሷም በዚያ ክፍል ውስጥ ሆና ይህን አየች። ከዚህ በኋላ ጥቂት ዓመት ቆይታ ከፒኮክ ድርጅት ተለየች። አንደኛ የወጣ ሸክላ የነበራት ዘፋኝ ወደ ካሊፎርኒያ ሄዳ በሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ ባሉ ትናንሽ የምሽት ክበቦች ለዕለት ጉርሷ መዝፈን ጀመረች። ቡድን ለመቅጠር ገንዘብ ስላልነበራት በየክበቡ ካገኘቻቸው ሙዚቀኞች ጋራ ትጫወት፣ ሲያስፈልግም ከበሮውን ራሷ ትመታ ነበር።

አሁን ስለ አንድ ሌላ ሰው ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ክሪስ ስትራክዊትዝ በ1931 በጀርመን አገር ተወልዶ ከጦርነቱ በኋላ በ1947 ወደ አሜሪካ የመጣ ስደተኛ ነው። በካሊፎርኒያ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያስተምር ነበር። ነገር ግን ልቡ በብሉስ ስለ ተማረከ በ1960 አርሁሊ የሚባል የሸክላ ድርጅት አቋቋመ፤ ቃሉ በጥጥ እርሻ ላይ ከሚሰማ የሥራ ዜማ የተወሰደ ነው። የመጀመሪያውን ሸክላ ያሳተመው በ250 ቅጂ ብቻ ሲሆን፣ ሽፋኑን ከወዳጆቹ ጋራ በእጃቸው እየለጠፉ ነበር። እንደዚህ ያሉት በራሳቸው የቆሙ አነስተኛ ድርጅቶች ሀብት የላቸውም፤ ማስታወቂያ አያስነግሩም፤ ሬዲዮ ጣቢያዎችም አይፈሯቸውም። ነገር ግን ዘፋኙን ይህን ዝፈን፣ ያንን ተው ብለው አያስጨንቁትም። ስትራክዊትዝ የሚሻው ሰውየው በቤቱ ወይም በመንደሩ ሲዘፍን እንዳለ ሆኖ እንዲቀረጽ ብቻ ነበር።

በ1965 ሊፕማንና ራው የተባሉ ሁለት ጀርመናውያን የአሜሪካን የብሉስ ሙዚቀኞች ሰብስበው በአውሮፓ ከተሞች በሚያዞሩበት ዓመታዊ ጉዞ ላይ ዊሊ ሜይ አብራ ሄደች። በአሜሪካ የረሷት ሰዎች ሲኖሩ በአውሮፓ ወጣቶች ትልልቅ አዳራሾችን ሞልተው ተቀበሏት። ጉዞው እንግሊዝ አገር ሲደርስ ኦክቶበር 20 ቀን 1965 በሎንዶን ከተማ በአንድ ስቱዲዮ ውስጥ ስትራክዊትዝ ድምፅዋን ቀረጸ። በሚቀጥለው ዓመት ቢግ ማማ ቶርንተን በአውሮፓ በሚል ርእስ በአርሁሊ የወጣው አልበም ይህ ነው። ሀውንድ ዶግ ይበልጥ የታወቀ ቢሆንም የዚህችን ሴት ሙሉ ችሎታ ለማወቅ የሚሻ ሰው ሊሰማው የሚገባው ይህን አልበም ነው ብለን እናምናለን።

ምክንያቱን እንዘርዝር። ከዚያ በፊት ሸክላዎቿ በአንድ ገጽ አንድ ዘፈን ብቻ የሚይዙ ትናንሾች ነበሩ፤ ድርጅቱም ይሸጣል ብሎ ያሰበውን ዓይነት ብቻ ነበር የሚያስዘፍናት። በሎንዶን ግን በአንድ አልበም ላይ የምታውቀውን ሁሉ ለማሳየት ቦታ አገኘች። ከእርሷ ጋራ የነበሩት ሙዚቀኞችም ከልዩ ልዩ አገርና ዕድሜ የተውጣጡ ነበሩ። ጊታር የሚመታው በዚያን ጊዜ የ29 ዓመት ወጣት የነበረው ባዲ ጋይ ሲሆን፣ አጨዋወቱ ኋላ ከሮክ ጋራ የተዛመደው የቺካጎ ከተማ ኃይለኛ የኤሌክትሪክ ጊታር ነው። ፒያኖና ኦርጋን የሚጫወተው ኤዲ ቦይድ፣ ከበሮ የሚመታው ፍሬድ ቢሎው፣ ሃርሞኒካ የሚነፋው ዋልተር ሆርተን ነበሩ። ከእነዚህ የከተማ ሰዎች ጋራ ደግሞ ፍሬድ ማክዳወል የተባለ በሚሲሲፒ ገጠር ሲያርስ የኖረ አዛውንት ነበረ። እርሱም በጊታሩ ክሮች ላይ ጠርሙስ እያንሸራተተ ክሩን እንደ ሰው ድምፅ የሚያስለቅስ የጥንቱ አጨዋወት ባለቤት ነው።

ስለዚህ በአልበሙ ላይ አንዱ ዘፈን እንደ ምሽት ክበብ ጭፈራ የፈጠነ ነው። ሌላው ቀስ ያለና በኦርጋን የታጀበ ስለሆነ ድምፅዋ የአባቷን ቤተ ክርስቲያን ያስታውሳል። አንዳንዱም ከማክዳወል ጊታር በቀር ምንም ሳይኖረው በጥጥ እርሻ መካከል እንደሚሰማ እንጉርጉሮ የቀረ ነው። የእንግሊዝ ወጣቶች ከአንድ ዓመት በፊት ከሮሊንግ ስቶንስ ቡድን አፍ የሰሙትን ሊትል ሬድ ሩስተር የተባለውን ዘፈን እርሷ በራሷ መንገድ ዘፈነችው። ሃርሞኒካዋንም አንሥታ ያለ ቃል ተጫወተች። ሀውንድ ዶግንም ከዐሥራ ሦስት ዓመት በኋላ በአዲስ ቡድን እንደ ገና አስቀረጸችው። ፕሬስሊ ከዘፈነው በኋላ ይህን ማድረጓ ቂም ለመወጣት ሳይሆን የዘፈኑን ሴት ወደ ቦታዋ ለመመለስ ይመስላል፤ የሚሰማው ሁሉ ዘፈኑ የማን እንደ ሆነ ሳይነገረው ያውቃልና። የሙዚቃ ነጋዴዎች ብሉስ፣ መዝሙር፣ ሮክ እያሉ በየመደርደሪያው የለያዩትን እርሷ ባንድ ትንፋሽ አገናኘችው።

አልበሙ ብዙ ገንዘብ አላመጣም፤ አነስተኛ ድርጅት ብዙ ሊሸጥ አይችልምና። ነገር ግን ስሟን አነሣ። በ1966 ኤፕሪል ወር ስትራክዊትዝ በሳን ፍራንሲስኮ ሁለተኛ አልበም ከእርሷ ጋራ ቀረጸ። በዚህኛው ላይ ያጀባት የብሉስ ታላቅ አባት የሚባለው ማዲ ዋተርስ ከነቡድኑ ነበር። ከእነዚያ ወንዶች መካከል ቆማ ስትዘፍን የምትመራው እርሷ እንጂ የምትከተል አልነበረችም።

በዚሁ ጊዜ ሌላ ታሪክ ተጀመረ። ዊሊ ሜይ ራሷ የደረሰችው ቦል ኤንድ ቼይን የሚባል ዘፈን ነበራት፤ ፍቅር እንደ እስረኛ እግር ብረት ሲከብድ የሚያሳይ ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ላይ ለአንድ ትንሽ ድርጅት አስቀርጻው ነበር፤ ድርጅቱ ግን ሸክላውን ሳያወጣ መብቱን ይዞ ተቀመጠ። በሳን ፍራንሲስኮ በአንድ ክበብ ስትዘፍነው ከሰሙት አንዷ ከቴክሳስ የመጣች ጃኒስ ጆፕሊን የምትባል ወጣት ነጭ ዘፋኝ ነበረች። ጆፕሊን ዘፈኑን ለመዝፈን ዊሊ ሜይን ፈቃድ ጠየቀች፤ እርሷም ፈቀደችላት። በጁን 1967 በሞንተሬይ በተደረገው ታላቅ የሙዚቃ በዓል ላይ ጆፕሊን ይህን ዘፈን ስትዘፍን የተሰበሰበው ሕዝብ ተደነቀ፤ ስሟም በአንድ ቀን ገነነ። በሚቀጥለው ዓመት ዘፈኑ ያለበት ቺፕ ትሪልስ የተባለው አልበም ወጥቶ ለስምንት ሳምንት አንደኛ ሆኖ ቆየ።

ሁለቱን ታሪኮች ማነጻጸር ይጠቅማል። በሁለቱም ጊዜ የዊሊ ሜይ ዘፈን በነጭ ወጣት አፍ ዓለምን ዞረ። በመጀመሪያው ጊዜ ስሟ ጠፋ። በሁለተኛው ጊዜ ግን የዘፈኑ ደራሲ እርሷ እንደ ሆነች በአልበሙ ላይ ተጽፏል፤ ጆፕሊንም ለጠየቃት ሁሉ ከማን እንደ ተማረችው ትናገር ነበር። ስለዚህ ብዙ ወጣቶች ባለቤቲቱን ለማየት መምጣት ጀመሩ፤ አርሁሊም በ1968 የራሷን ቀረጻ አወጣ። ሌላውን ሰው በስሙ መጥራት ገንዘብ የማይጠይቅ ቀላል ነገር ነው፤ ግን የአንድን ሰው ዕድል ሊለውጥ ይችላል። ጆፕሊን በ1970 በ27 ዓመቷ ስትሞት ዊሊ ሜይ ገና በመድረክ ላይ ነበረች።

ስለ ጠባይዋ ስንናገር ያልነበራትን ምስጋና መስጠት አይገባንም። ቃሏ ሻካራ፣ ቁጣዋም ፈጣን ነበር። የተዋበ ቀሚስ ለብሳ ትዘፍን ዘንድ ሰዎች ቢፈልጉም እርሷ ብዙ ጊዜ የወንድ ሸሚዝና ሱሪ፣ ባርኔጣም አድርጋ ትቀርብ ነበር፤ ሰውም ይህን ይዞ ያማት ነበር። መጠጥም አብዝታ ትጠጣ ነበር፤ ለሞቷም ከሁሉ የሚበልጠው ምክንያት ይኸው ሆነ። በሌላ በኩል ግን ከእርሷ ጋራ የሠሩት ሙዚቀኞች ያከብሯት ነበር፤ በመድረክ ላይ ሳትደክም ያላትን ሁሉ ትሰጥ ነበርና።

በ1969 ስትሮንገር ዛን ደርት የተባለ አልበም በአንድ ትልቅ ድርጅት በኩል አወጣች። በ1971 ደግሞ መዝሙር ብቻ የያዘ አልበም አስቀርጻ የልጅነቷን ቤተ ክርስቲያን አሰበች። በ1975 ከወጡት ሥራዎቿ አንዱ በሁለት ወኅኒ ቤቶች ውስጥ በእስረኞች ፊት የዘፈነችው ነው፤ የእግር ብረቱን ዘፈን እስረኞች በምን ልብ እንደ ሰሙት መገመት አያስቸግርም። ከዚያ ወዲህ ሕመም ጸናባት። ያ ግዙፍ ሰውነት እየከሳ ሄደ፤ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ወንበር ላይ ተቀምጣ ትዘፍን ነበር፤ ድምፅዋ ግን ከሰውነቷ ጋራ አልከሳም።

ጁላይ 25 ቀን 1984 በሎስ አንጀለስ በአንድ የኪራይ ማደሪያ ቤት ውስጥ በ57 ዓመቷ ሞታ ተገኘች። የሞቷም ምክንያት የልብና የጉበት ሕመም ነበር። ሀውንድ ዶግ ሲቀረጽ ከበሮ የመታላት ጆኒ ኦቲስ በዚያን ጊዜ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ሆኖ ስለ ነበር ቀብሯን የመራው እርሱ ነው። የተቀበረችው በዚያው ከተማ አጠገብ በኢንግልውድ ሲሆን፣ በመቃብሩ ድንጋይ ላይ ስሟ ከሌሎች ሁለት ሰዎች ስም ጋራ ተጽፎ ይገኛል። በሚሊዮን የተሸጠውን ዘፈን መጀመሪያ የዘፈነች ሴት ለብቻዋ የሆነ የመቃብር ድንጋይ እንኳ አልነበራትም።

ክብሩ የመጣው ከሞተች በኋላ ነው። በ1984 በሞተችበት ዓመት ስሟ በብሉስ የክብር መዝገብ ተጻፈ። በኒው ዮርክ ለሴት ልጆች ጊታር፣ ከበሮና መዝፈን የሚያስተምር የክረምት ማሠልጠኛ በ2004 ሲቋቋም በእርሷ ስም ተሰየመ። ኖታ ሳታውቅ ከበሮን በዓይኗ ብቻ ለተማረች ልጅ ከዚህ የበለጠ መታሰቢያ ያለ አይመስለንም። በ2024 ደግሞ ከሞተች ከአርባ ዓመት በኋላ በሮክ ኤንድ ሮል የክብር አዳራሽ ውስጥ ስሟ ገባ። ፕሬስሊ በዚያው አዳራሽ የገባው አዳራሹ ሰዎችን መምረጥ በጀመረበት በ1986 ነበር፤ ጆፕሊንም በ1995 ገብታለች።

ውድ ጓደኞቻችን፣ ከዚህ ታሪክ ሦስት ነገር ልንማር እንችላለን። አንደኛው፣ መምህር ያጣ ሰው ዓይኑንና ጆሮውን ከከፈተ ሊማር እንደሚችል ነው። ሁለተኛው፣ ተሰጥዎ ብቻውን ባለቤቱን እንደማይጠብቅ ነው። ውል ሲቀርብላችሁ አንብባችሁ፣ ያልገባችሁንም ጠይቃችሁ ፈርሙ፤ ትምህርት ከሚጠቅምባቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነውና። ሦስተኛው ለምንሰማና ለምናነብ ሁሉ ነው። አንድ መልካም ነገር ከሌላ ሰው ስንወስድ፣ ዜማም ይሁን ሐሳብ ወይም ለፈተና ያጠናንበት የጓደኛ ደብተር፣ የባለቤቱን ስም እንጥራ። ወላጆቻችንና መምህራኖቻችንም በቤትና በክፍል ይህን ልማድ እንዲያስተምሩን እንለምናለን። ዊሊ ሜይ ቶርንተን ዕድሜዋን ሙሉ የጠየቀችው ከዚህ የበለጠ ነገር አልነበረም፤ የሠራችው ሥራ የእርሷ መሆኑ እንዲታወቅና ዋጋውም በጊዜው እንዲከፈላት ብቻ ነበር።